ለተኳለ ቤት ቀብድ አትቸኩሉ

ባለፈው ስለ ሠርግ ወጪ ላነሳሁት ነገር የጻፋችሁልኝን ሁሉ አንብቤያለሁ። ምርቃቱንም ስድቡንም ተቀብያለሁ። ዛሬ ሠርጉ አልፎ ወደ ጎጆው ልንገባ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሐሙስ ቀን፣ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ቆርጬ ቆርጬ ላቅርብላችሁ።

«…የ29 ዓመት ወጣት ነኝ። በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ታላቅ እህቴ ቤሩት ሰው ቤት ተቀጥራ መሥራት ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። እሷ የምትልከውን እኔ ከደሞዜ እየጨመርኩበት አጠራቅመን፣ አሁን አንድ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አግኝተናል። ቤቱ ሙሉ ለሙሉ ታድሷል። ሴራሚኩ፣ ጂፕሰሙ፣ የወጥ ቤቱ ካቢኔት፣ መብራቱ… ምንም የሚቀረው የለም፤ ዕቃ ይዞ መግባት ብቻ ነው። ሻጩ ራሱ ከገዛው ገና ስድስት ወሩ ነው። ደላላው ‹ሰኞ ሌላ ገዢ ይመጣል፤ እስከዚያ 200 ሺህ ብር ቀብድ ካላስያዝክ አለቀልህ› አለኝ። ቤቱን ለእህቴ በቪዲዮ ባሳያት አለቀሰች። እኔ ግን ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ምን ይመክሩኛል?»

እኔ እንደሆንኩ ጋዜጣው እስኪወጣ አላስቻለኝም። በደብዳቤው ግርጌ በተወልኝ ስልክ ደወልኩና «ወንድሜ፣ ብሩን ይዘህ ቁጭ በል። እሁድ አብረን ሄደን እናየዋለን» አልኩት። «ሰኞ ግን…» ሲል «ሰኞ ከእሁድ በኋላ ነው የሚመጣው» ብዬ ዘጋሁት።

ለምን እንዲህ እንደተንቀለቀልኩ ልንገራችሁ። እኔም ተበልቼ አውቃለሁ።

በ2005 ዓ.ም. ነው። ከባለቤቴ ጋር የመጀመሪያ ቤታችንን ስንገዛ፣ ያየነው ጥር ላይ፣ ፀሐይ ግድግዳውን ስታሞቀው ነበር። ፊት ለፊቱ ኳርትዝ ቀለም ተቀብቷል፣ ሳሎኑ ጂፕሰም ኮርኒስ ተሠርቶለታል፣ መታጠቢያ ቤቱ ከላይ እስከ ታች ሴራሚክ ነው። ቧንቧውን ልከፍት ስል ሻጩ «ውኃ ዛሬ የእኛ ፈረቃ አይደለም» አለኝ። የከተማው ወግ ነው፣ አመንኩት። የውኃ ፈረቃ በሌለበት ቀን ምን ይፈሳል? ምንም! ምንም ስላልፈሰሰ ደህና ነው ብዬ ፈረምኩ።

ሐምሌ ላይ ግድግዳው አፍሪካን አወጣ። አዎ፣ ካርታዋን፣ ከሶፋው በላይ። ነሐሴ ላይ ደቡብ አሜሪካ ተጨመረች። የኮርኒሱ ሆድ እንደ ነፍሰ ጡር እየወረደ ሄዶ አንድ ሌሊት ወለደ፤ የወለደውም የሦስት ሳምንት የዝናብ ውኃ ነው። ግንበኛ ጠርተን ልስኑን ሲያነሳው፣ ለካ ብሎኬት የነበረው የፊት ለፊቱ ግድግዳ ብቻ ኖሯል። ሌላው የጭቃ ቤት ነው፣ ሲሚንቶ ለብሶ፣ ስቱኮ ተቀብቶ፣ ቀለም ደርቦ። ቋሚ እንጨቶቹን ከታች ምስጥ ጨርሷቸዋል። ባለቤቴ «ቧንቧውን ሞክር ብዬህ ነበር» ያለችኝን እስከ ዛሬ ትደግመዋለች። (ብላኝ ነበር፣ እውነቷን ነው።)

እንግዲህ ተገዝቶ፣ ታድሶ፣ ወዲያው ተመልሶ የሚሸጥ ቤት እኔ የምጠራው «የተኳለ ቤት» ብዬ ነው። መኳል ነውር አይደለም። ንግዱም ሕገወጥ አይደለም፤ ያረጀ ቤት ገዝቶ፣ ከሥር ከመሠረቱ ጠግኖ፣ ትርፉን የሚበላ ጨዋ ነጋዴ አለ። ጣጣው ሒሳቡ ላይ ነው። ይህ ሰው ቤቱ ውስጥ አይኖርበትም። ገንዘቡ ቤቱ ውስጥ ታስሮ በቆየ ቁጥር ይከስራል። ስለዚህ ብሩን የሚያፈሰው ለዓይን በሚታይ ነገር ላይ ነው፤ ቀለም፣ ኮርኒስ፣ ካቢኔት፣ የሚያብለጨልጭ መብራት። ግድግዳ ውስጥ ያለ ቧንቧ ቢቀይር ማን ያይለታል? ደላላውስ ለገዢ «ገመዱ አዲስ ነው» ብሎ በቪዲዮ ምን ያሳያል?

ወደ እሁዳችን ልመልሳችሁ። ይዤ የሄድኩት ጋሼ እያልኩ የምጠራቸውን አንድ አዛውንት ግንበኛ ነው። የእኔን ቤት ገልጠው ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ሻጩ ተኮናትሮ ተቀበለን፣ ደላላው ደግሞ በየክፍሉ እየቀደመ መብራት ያበራል። ልጁ ጥግ ይዞ ቆሟል። ቤቱ፣ እውነት ለመናገር፣ ያምራል። እኔ ራሴ ልቤ ሊሸፍት ነበር።

ጋሼ መብራቱን ቀና ብለው አላዩም። መጀመሪያ ያደረጉት መስኮቶቹን መዝጋትና ማሽተት ነው። ቀጥሎ በጣታቸው ጀርባ ሴራሚኩን ከጥግ እስከ ጥግ ኳ ኳ ማድረግ። «ስማ፣ ይኸ ሞልቷል… ይኸም ሞልቷል… ይኸ ባዶ ነው፣ ይኸም ባዶ» ይላሉ። ከሥሩ ሲሚንቶ በደንብ ያልገባለት ሴራሚክ ድምፁ ይለያል፤ ቆይቶ ይነሳል፣ ይሰነጠቃል። ከዚያ ሁሉንም ቧንቧ በአንድ ጊዜ ከፍተው ሽንት ቤቱን ለቀቁና (ቀኑን ውኃ ያለበት አድርገን መርጠን ነው የሄድነው፣ ልብ በሉ) ልጁን «ና ተከተለኝ» ብለው ከቤቱ ወጡ።

«ወዴት?» አለ ደላላው።

«ታች» አሉ ጋሼ።

አንባቢዎቼ፣ ኮንዶሚኒየም ስትገዙ ከሌላ ምክር ሁሉ ይቺን ብቻ ብትይዙልኝ ይበቃኛል። የምትገዙት ቤት ሽንት ቤት የሚያፈስ ከሆነ እናንተ ቤት ውስጥ አይታይም፤ የሚታየው ከታች ያለው ጎረቤት ኮርኒስ ላይ ነው። ስለዚህ አንኳኩና አስፈቅዳችሁ ግቡ። እንደዚሁ ደግሞ ከላይ ያለው ሰው የእናንተን ሊያበላሽ ስለሚችል ላይኛውንም ጠይቁ።

በሩን የከፈቱልን አንዲት እናት ናቸው። ጋሼ ሰላምታ ሰጥተው የመጣንበትን ሲነግሯቸው እማማ ሳቅ አሉ። «ኧረ ግቡ ልጆቼ። ያ ሰውዬ እኮ ጨዋ ነው፤ ኮርኒሴን ሦስት ጊዜ ቀለም አስቀብቶልኛል!»

ልጁ ዞር ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ሦስት ጊዜ ቀለም! ከመታጠቢያ ቤታቸው በላይ አራተኛው ቀለም የሚያስፈልገው ቢጫ ክብ ብቅ ብሏል። ቀና ብለን ስናየው አንዲት ጠብታ፣ አሁን ከከፈትነው ውኃ መሆኑ ነው፣ ቋ ብላ የእማማ ባልዲ ውስጥ ወደቀች። ባልዲው ለካ ቋሚ ነዋሪ ነው።

በዚህ አላበቃም። ጋሼ እማማን «ምጣድ ያውሱናል?» አሏቸው። የእንጀራ ምጣድ ተሸክመን ወደ ላይ ስንወጣ የደላላውን ፊት ብታዩት! ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ ዕቃ ነው። በቤታችን ካለው ዕቃ ሁሉ ገመድን የሚፈትን እንደሱ የለም፤ የኮርኒስ አምፖል መቶ ቢሆን አይስተካከለውም። አዲሱ ካቢኔት ሲሠራ የምጣዱን ሶኬት ከቦታው አንስተውታል። ሰካነው። ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሰላም ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ሲሆን ግን የሳሎኑ መብራት ደከም አለ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ መጣ፣ ሶኬቱም እጅ አላስነካ አለ። ጋሼ ነቅለው ክዳኑን ሲፈቱት ወፍራሙ የድሮ ገመድ ላይ ቀጭን የአምፖል ገመድ ተቀጥሎ በፕላስተር ተጠቅልሏል። እህቲቱ መጥታ የመጀመሪያ እንጀራዋን ስትጋግር ሊፈጠር የሚችለውን አስቡት።

ይኼ የኮንዶሚኒየም ነው። ግቢ ያለው ቤት ከሆነ የምትገዙት ሌላ የሚታይ አለ። ከተማችን፣ በተለይ በቦሌና ከዚያ ወዲያ ባለው አቅጣጫ፣ ብዙ ቦታው መረሬ አፈር ነው። መረሬ ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሸማቀቃል፤ መሠረቱ ጥልቅ ያልሆነ ቤት አብሮት ሲነሳና ሲወርድ ይሰነጠቃል። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ ጋደል ብሎ የሚሄድ ስንጥቅ ካያችሁ ወይም በዚያ መስመር ስቱኮው ከሌላው አዲስ ከሆነ ጠርጥሩ። በሮቹን አንድ በአንድ ክፈቱ ዝጉ፤ የሚነክስ በር ምስክር ነው። ጣሪያውን ከላይ ወጥቶ የሚያይ ሰው ይኑር። የሽንት ቤት ጉድጓዱ የት ነው? መቼ ተመጠጠ? ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው? ቆጣሪውስ የራሱ ነው ወይስ ከጎረቤት የተቀጠለ? የጭቃ ቤት ብሎኬት ለብሶ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ኮርኒሱ ላይ ቀዳዳ አስከፍታችሁ በባትሪ የግድግዳውን አናት ተመልከቱ፤ ቀለም ቀቢው እዚያ ድረስ አይወጣም። ሻጩ «ኮርኒሴን አላስነካም» ካለ ቦርሳችሁን አንሱ።

ደግሞ ከቻላችሁ ቤት በክረምት ግዙ። በጋ ሁሉም ቤት ደረቅ ነው። ክረምት እስኪመጣ መጠበቅ ካልተቻለ ጎረቤት የክረምቱን ይነግራችኋል፤ የሱቁ ልጅ፣ የዘበኛው፣ የልብስ አጣቢዋ ቃል ከደላላ ቃል ይበልጣል።

አሁን ደግሞ ወደ ወረቀቱ። እዚህ ላይ ነው ልጁ ላብ ያጠመቀው።

«ካርታውን እናየዋለን?» አልኩ። መጣ። ካርታው ላይ ያለው ስም ግን የሻጩ አይደለም። የአንዲት ሴት ነው። ሻጩ የያዘው ውክልና ነው። «ስም ላዙር ብል ወጪ አለው፣ ግብር አለው። ቀጥታ ከእሷ ወደ እናንተ ይዞራል፣ ምን ችግር አለው?» አለኝ። ይኼ በአድሶ ሸያጮች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ሁሉም አጭበርባሪ ናቸው ማለቴም አይደለም። ግን አስቡት፤ ውክልና የሰጠ ሰው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ወካዩ ከሞተም በመሠረቱ ውክልናው አብሮ ይሞታል። ያን ቀን ቀብድ የበላው ሰው የሚሸጥላችሁ ምንም የለውም፤ ወራሾች ከየት እንደሚመጡ ደግሞ አታውቁም። ስለዚህ ውክልናው አለመሻሩን እዚያው ውልና ማስረጃ አጣሩ፤ ከተቻለም ባለ ስሟን በዓይናችሁ እዩ፣ አነጋግሩ። ያገቡ ከሆነ ባልየውም መስማማት አለበት። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። «ባሌ አያውቅም ነበር» ተብሎ የፈረሰ ሽያጭ ስንቱ ነው!

ኮንዶሚኒየም ከሆነ ሁለት ነገር ተጨማሪ አለ። በዕጣ የደረሰ ቤት ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ ክልከላ ስላለበት ዓመቱ መሙላቱን፣ የባንክ ዕዳውም ማለቁን ወይም ምን ያህል እንደቀረ በወረቀት ማየት። የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ሳይያዝ የሚደረግ ስብሰባ ሁሉ ቡና መጠጣት ነው። የጋራ ሕንፃው ማኅበርም ውዝፍ መዋጮ ካለ ይነግራችኋል። ግቢ ቤት ከሆነ ደግሞ ካርታው ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ የሚለውን ጠይቁ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ ደንግጓል፤ ያም ማለት ደላላው ያልነገራችሁ ክፍያ ሊኖር ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ፒያሳን ጨምሮ ስንት ሰፈር እንዳነሳ ያየ ሰው፣ ቦታው በፕላን ምን ላይ እንዳረፈ ክፍለ ከተማ ሳይጠይቅ ቤት አይገዛም። ቀለም አስቀብቶ የሚሸጥ ሰው ለምን እንደቸኮለ አንዳንዴ መልሱ እዚያ ነው።

ስለ ቀብድ ብዙ ሰው የማያውቀውን ላንሳ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ቢተው ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል ይላል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር። ስለዚህ 200 ሺህ ብር ሰጥታችሁ በማግስቱ እማማን ብታገኟቸው የምታለቅሱት እናንተ ናችሁ። ቤቱን ሳታዩ፣ ወረቀቱን ሳታጣሩ የሰጣችሁት ቀብድ እጃችሁን የምታሳስሩበት ገመድ ነው። መስጠት ግድ ከሆነ አነስ ይበል፣ በባንክ ይሁን፣ በጽሑፍም «የዕዳና እገዳ ማጣሪያው ካልመጣ ወይም ይህ ይህ ካልተጠገነ ቀብዱ ይመለሳል» ተብሎ ይስፈር። ዋናው ሽያጭ ደግሞ በጓደኛ ምስክርነት በወረቀት ተፈራርሞ የሚያልቅ ነገር አይደለም። የዚሁ ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ዘንድ መመዝገብ አለበት ይላል። እዚያ ስትሄዱ «ግብር እንዳይበዛ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ» የሚላችሁ አይጠፋም። ነገሩ ሕገወጥ መሆኑ ሳያንስ፣ ውሉ አንድ ቀን ቢፈርስ አስመልሱልኝ ብላችሁ የምታሳዩት ወረቀት ላይ ያለውን ነው። የቀረው ብር የት እንደገባ ደላላው ብቻ ያውቃል።

ሻጩን የጠየቅነው የመጨረሻ ነገር «ሳይታደስ በፊት የተነሳ ፎቶ አለህ? ቧንቧውን የሠራልህስ ማን ነው?» የሚል ነበር። በደንብ ያደሰ ሰው ይኼን ጥያቄ ይወደዋል። ፎቶውን ከስልኩ ያወጣል፣ ደረሰኝ ያሳያል፣ የሠራተኛውን ስልክ ይሰጣል፣ እንዲያውም አላስወጣ ይላችኋል። የእኛ ሰው «ፎቶው በድሮ ስልኬ ላይ ቀረ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ዋጋውን 70 ሺህ ብር ቀነሰ።

ጋሼ ደረጃው ላይ ቆመው በወረቀት ጫፍ ሒሳብ ሠሩ። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ይነሳል፣ ውኃ መከላከያ ይደረግለታል፣ ቧንቧው ይቀየራል፣ ሴራሚኩ እንደገና ይነጠፋል፣ የወጥ ቤቱ ገመድ ከቆጣሪው ጀምሮ አዲስ ይዘረጋል። ከ70 ሺህ በብዙ ይበልጣል። «ገዝተህ ልታፈርሰው ነው እንዴ ሴራሚክ የምትከፍለው?» አሉት ልጁን። እዚያው ግቢ ውስጥ ያልታደሰ፣ ስፋቱ እኩል የሆነ ቤት በስንት እንደሚሸጥ እንዲጠይቅ ላኩት። የሁለቱ ልዩነት ማለት የቀለሙ ዋጋ ነው፤ ከዚያ በራስህ ሠራተኛ፣ በራስህ ዓይን ብታሳድሰው ስንት ይፈጃል ብሎ ማወዳደር ነው። ልጁ ጠይቆ መጣ። ምን እንዳገኘ አልነግራችሁም፤ ገና እየተደራደረ ስለሆነ ዋጋ አላስወድድበትም።

ማታ እህቱን ደውሎ ነገራት። ቅር እንዳይላት ፈርቶ ነበር። በነጋታው ያለችውን በስልክ ነገረኝ። «ቪዲዮውን ሳየው ያለቀስኩት ለሴራሚኩ መሰለህ እንዴ? እኔ እዚህ የምተኛው በረንዳ ላይ ነው። በር ያለው ክፍል ይሁንልኝ እንጂ ቀለሙን መጥቼ ራሴ እቀባዋለሁ» አለችው።

ያልታደሰውን ቤት ባለፈው ቅዳሜ አየነው። ግድግዳው ላይ የልጆች ሥዕል አለበት፣ የወጥ ቤቱ በር ተነቅሏል፣ ኮርኒሱ ጥላሸት ነው። ካርታው በሻጩ በራሱ ስም ነው። ታች ቤት አንኳኳን፤ ኮርኒሳቸው ደረቅ ነው። ጋሼ ምጣድ ይዘው ነበር፣ ከቤታቸው። የዕዳና እገዳው ወረቀት በዚህ ሳምንት ይወጣል ተብሏል፣ ልጁም እስኪወጣ ድረስ አንድ ብር አልከፈለም።

ሰኞ ይመጣል የተባለው ሌላው ገዢ? ይኸው ሦስት ሰኞ አለፈ።